አቡነ ማስያስና ከትዝታ የተጻፈው መጽሐፍ

ከጂማ ተነሥቶ በአጋሮ በኩል ወደ ጌራ የሚወርድ፣ ወይም ወደ ሰሜን ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ሰቃ የሚያቀና፣ አለዚያም ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚዘልቅ መንገደኛ የቡናው ጫካ ጥላ ከራሱ ላይ ብዙ አይለየውም። ዛሬ ይህን አገር በመኪና የሚያልፈው ምእመን፣ በዚሁ ምድር ላይ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ አንድ ጳጳስ በእግራቸው እንደ ተመላለሱ፣ ከዚያም ተባረው በሄዱበት በሩቅ አገር ያዩትን ሁሉ በአሥራ ሁለት ቅጽ እንዳስፈሩት ምናልባት አልሰማ ይሆናል። እኒህ ሰው ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። የአገራችን ሰው ስማቸውን ለአንደበቱ አስማምቶ አቡነ ማስያስ ብሏቸዋል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አቡነ ማስያስ በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ ምድር፣ አስቲ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በፒዮቫ መንደር ሰኔ 8 ቀን 1809 ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሎሬንዞ ነበር፤ ጉልየልሞ የተባሉት በ1826 የካፑቺንን ልብስ በለበሱ ጊዜ ነው። በ1832 ክህነት ከተቀበሉ በኋላ በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው በማውሪዚያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው አገለገሉ። በዚያም ከሐኪሞች ጎን እየቆሙ የሕክምናን ነገር ጥቂት በጥቂት ተማሩ። ይህች ትምህርት ኋላ በእኛ አገር ከፍልስፍናና ከነገረ መለኮት ዕውቀታቸው ይልቅ ብዙ በር ከፍታላቸዋለች። በዚያው ዘመን በቶሪኖ ከሚያውቋቸው ሰዎች አንዱ ሲልቪዮ ፔሊኮ የተባለው ጸሐፊ ነው። ፔሊኮ በኦስትሪያ መንግሥት እጅ ወደ አሥር ዓመት ያህል ታስሮ ከተፈታ በኋላ የእስር ዘመኑን ታሪክ ያለ ቂም ጽፎ በ1832 ያሳተመ ሰው ነው፤ መጽሐፉም በመላው አውሮፓ ተነቧል። ወጣቱ ካህን ከዚህ ሰው ጋር መቀራረባቸው በኋለኛው ሥራቸው ላይ አሻራ ሳይተው የቀረ አይመስለኝም። መከራን በልብ ይዞ ከዘመናት በኋላ በብዕር ማውጣት እንደሚቻል በዓይናቸው አይተዋልና።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ምክንያት ከዚሁ ከቡናው አገር ጋር የተያያዘ ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ አጥኚ በ1843 ወደ ሊሙ እናርያ ገብቶ ነበር። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የካፋን ንጉሥ ልጅ ሊያገቡ ሽማግሌና አጃቢ ሲልኩ ዳባዲም ከሙሽራይቱ ወሳጆች ጋር ተቀላቅሎ እስከ ካፋ ደረሰ። ከዚያም በቀደሙት ዘመናት ተሰብኮባቸው ኋላ ካህን ያጡ ክርስቲያኖች በዚያ ምድር እንዳሉ ለሮም አስታወቀ። በዚህም መነሻነት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በግንቦት ወር 1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የሚሆን ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙ። የቪካሪያቱ ስም በዚያ ዘመን ልማድ የተሰጠ በመሆኑ ዛሬ ልንደግመው አንወድም። አባ ጉልየልሞም በዚያው ወር በሮም ጵጵስና ተቀብለው የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ቪካር ሆኑ።

ተሹመው ወደ ሀገረ ስብከታቸው ለመግባት ግን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በ1846 መገባደጃ ምጽዋ ደረሱ፤ የሰሜኑ መንገድ በጦርነትና በሃይማኖት ጠብ ተዘግቶ ነበር። በጥር ወር 1849 በምጽዋ ከተማ በሌሊት፣ ሰው እንዳይሰማ በጥንቃቄ፣ ለአባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ መዓርገ ጵጵስና ሰጡ። ዛሬ ቅዱስ ብለን የምናከብራቸው አቡነ ያዕቆብ የተሾሙት እንግዲህ በአቡነ ማስያስ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ አቡነ ማስያስ ወደ አደን፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ግብፅ ተንከራተቱ፤ በመጨረሻም ጢማቸውንና ልብሳቸውን እንደ ነጋዴ አድርገው፣ ጆርጆ ባርቶሬሊ በሚል የሐሰት ስም በዓባይ ሽቅብ በሱዳን በኩል ገቡ። ጎጃምን አቋርጠው በኅዳር ወር 1852 ጉዱሩ ውስጥ አሰንዳቦ ሲደርሱ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ።

አብረዋቸው ከመጡት ካፑቺኖች ስለ አንዱ ጥቂት ሳልናገር አላልፍም። አባ ጁስቶ ዘኡርቢኖ ወደ ኦሮሞ አገር ሳይገቡ በበጌምድር ቀርተው ግእዝና አማርኛ ሲያጠኑ ኖሩ፤ መጻሕፍትንም እየሰበሰቡ ለዳባዲ ይልኩ ነበር። በ1853 ከላኳቸው ጽሑፎች መካከል ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ የተባለው ይገኝበታል። ይህች አነስተኛ መጽሐፍ ሰው በተሰጠው ልቡና እየመረመረ እግዚአብሔርን መፈለግ እንዳለበት የምታስተምር ናት። ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉን የደረሱት ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው ሲሉ ተነሡ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢየሱሳዊ አባት ክሎድ ሰምነር ደግሞ በኢትዮጵያዊ ሊቅ የተደረሰ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ስለ መጽሐፍ ኃይል ማሰብ የሚወድ ሰው ይህን ያስተውል፤ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሳይረጋገጥ አንባቢን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሟግት የኖረ ጽሑፍ በእነዚህ ተልእኮ ባላቸው ድሆች ሻንጣ ውስጥ አልፏል። አባ ጁስቶ በ1856 ካርቱም ውስጥ ሞቱ።

ወደ አቡነ ማስያስ እንመለስ። በጉዱሩና በአካባቢው ስማቸው በመጀመሪያ የታወቀው በስብከት ሳይሆን በፈንጣጣ ክትባት ነው። ፈንጣጣ በየጊዜው መንደሩን እየጠረገ በሚሄድበት በዚያ ዘመን፣ ክንድ በመርፌ ጫር አድርጎ ሕፃናትን ከሞት የሚያስጥል እንግዳ መጣ ሲባል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየአቅጣጫው ጎረፉ፤ ሕዝቡም የፈንጣጣ አባት የሚል ስም አወጣላቸው። ሕክምናው በር ሲከፍት ትምህርቱ ተከትሎ ገባ። በ1850ዎቹ ከጉዱሩ ወደ ሊሙ እናርያ ወርደው ከአባ ባጊቦ ጋር ተገናኙ። አባ ባጊቦ ሙስሊም ንጉሥ ነበሩ፤ ሆኖም ካቶሊካዊውን ጳጳስና ካህናቱን በክብር ተቀብለው በአገራቸው እንዲያስተምሩ ፈቀዱ። ዛሬ በጂማና በዙሪያዋ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና ተጠራርተን ስንጠጣ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ በዚህ አገር የተጀመረው በአንድ ሙስሊም ንጉሥ ፈቃድና እንግዳ ተቀባይነት መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

ነገር ግን ያው የሰቃ ገበያ ሌላ ገጽ ነበረው። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ሕፃናትና ልጃገረዶች፣ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ለሽያጭ ይቀርቡ ነበር። ከዚያም ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከባሶም ወደ መተማና ወደ ቀይ ባሕር ይነዱ ነበር። አቡነ ማስያስ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል፤ በኋላ የጻፉት መጽሐፍ ስለ ባሪያ ንግድ ብዙ ምስክርነት የያዘው ስለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ከአሥራ ሁለቱ ቅጾች ውስጥ ከአንባቢ ልብ የማይወጣው ይህ ክፍል ነው። የየነገሥታቱን ጦርነት አንብቦ መርሳት ይቻላል። ከእናቱ ተነጥቆ በገመድ ታስሮ የሚነዳ ሕፃንን አንብቦ መርሳት ግን ከባድ ነው።

በ1859 ከእናርያ አልፈው ካፋ ገቡ። የዳባዲ መልእክት ያመለከታቸው የጥንት ክርስቲያኖች ርዝራዦች በዚያ ነበሩና ለማስተማርና ለማጥመቅ ሰፊ መስክ አገኙ። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በ1861 ከካፋ ተባረሩ፤ ያጠመቋቸውንም ያስተማሯቸውንም ትተው ወጡ። በዚያው ዓመት አባ ባጊቦ ስለ ሞቱ በእናርያም የነበራቸው ጥላ ተገፈፈ። በ1863 ወደ አውሮፓ ለመሄድ ወደ ሰሜን ሲያቀኑ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ያዟቸው፤ ንጉሡ ግን ካነጋገሯቸው በኋላ በሰላም አሰናበቷቸው።

አንድ እረኛ በድንገት ከመንጋው ሲለይ ምን ይቀራል? ይህ ጥያቄ አቡነ ማስያስን ዕድሜ ልካቸውን አልተዋቸውም። በዘመናቸው የሚቀረው በቃል የተያዘ ትምህርት ነበር። ስለዚህ ገና ቋንቋውን እንደ ለመዱ ለኦሮሞ ምእመናን በገዛ ቋንቋቸው ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ ልጆችም ጸሎቱንና ጥያቄና መልሱን በቃላቸው ያጠኑ ነበር። ዛሬ በየጸሎት ቤቱ ልጆችን ሰብስበው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስጠኑት መምህራን የዚህ ሥራ ወራሾች ናቸው። መጽሐፉ ጠፍቶ፣ መምህሩ ተሰዶ፣ በልጅነት የተያዘው ጸሎት ግን በአንደበት ላይ ይቀራል።

አውሮፓ በደረሱም ጊዜ ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር የቋንቋን በር መክፈት ነው። በ1867 በፓሪስ በንጉሠ ነገሥቱ ማተሚያ ቤት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ጽፈው አሳተሙ። የመጀመሪያው ናቸው ማለት ግን አይቻልም፤ ጀርመናዊው ክራፕፍ ከእርሳቸው በፊት የማቴዎስን ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መልሶ ነበር፤ ቱትሼክም በ1844 መዝገበ ቃላት፣ በ1845 ሰዋስው አሳትሟል። የአቡነ ማስያስ ሥራ ልዩ የሚሆነው በመጻሕፍት ክፍል ውስጥ ሳይሆን በጉዱሩና በእናርያ ገበያ፣ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከተለመደ ቋንቋ በመነሣቱ ነው። ለሚመጡት ሚስዮናውያን እንጂ ለአገሩ ሰው ባለመጻፉ ግን ጥቅሙ ለእኛ የደረሰው በተዘዋዋሪ ብቻ ነው።

ለአገሩ ሰው የተጻፈውን መጽሐፍ ያስገኙት ሌሎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ የዚሁ የእናርያ ልጅ ነች። አስቴር ገኖ በሊሙ እናርያ በልጅነቷ በባርነት ተወስዳ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትል በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሏት ምጽዋ አጠገብ ወደ ነበረው ወደ ምንኩሉ የስዊድን ወንጌላውያን ትምህርት ቤት ገባች። እርሷም ከልጅነቱ ባርነትን ከቀመሰው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር በመሥራት በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ ተረቱንና ምሳሌውን ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች በወረቀት አስቀመጠች። በ1899 በግእዝ ፊደል ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የቃላቱ ሀብት ከእርሷ ብዙ ተቀድቷል። አቡነ ማስያስ በሰቃ ገበያ ሲነዱ ያዩአቸው ልጆች ዕጣ የደረሳት ይህች ሴት ከሌላ ቤተ እምነት ብትሆንም፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟን አለማንሣት ቅር ያሰኘኝ ነበር።

አቡነ ማስያስ በ1868 በሸዋ በኩል ተመለሱ። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድርና ወደ ካፋ መሻገር ነበር፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን ወደዷቸውና ከአጠገባቸው አላሰናበቷቸውም። በፊንፊኔ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ ለሚስዮኑ ቦታ ሰጧቸው። እንዲህ ሲሆን አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በጌራ የነበሩትን መንጋ የጠበቁት ረዳታቸው አቡነ ፌሊቺሲሞ በ1878፣ አባ ሌዮን ደዛቫንሼ ደግሞ በ1879 በዚያው ምድር ሞቱ። አቡነ ማስያስ ለሊሙና ለካፋ የተሾሙ ጳጳስ ሆነው ሳለ ከ1861 በኋላ ካፋን ዳግመኛ አላዩም። ይህ በሕይወታቸው ውስጥ የማይሽር ቁስል እንደ ነበረ መጽሐፋቸውን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል።

በንጉሥ ምኒልክ ቤት የነበራቸው ቦታ ግን ከመንፈሳዊ አባትነት አልፎ የመማክርትነትም ነበር፤ እዚህ ላይ ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ለእውነት አይበጅም። በ1872 ምኒልክ አባ ሚካኤልን ወደ ኢጣልያ ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው ሲልኩ የአቡነ ማስያስ ምክር ነበረበት፤ በ1876 የመጣው የማርኬዝ አንቲኖሪ ጉዞም የእርሳቸውን ድጋፍ አግኝቷል። እርሳቸው በዚህ ጊዜ የሚያስቡት ለንጉሡ ጥበብና ሙያ ስለማስመጣት፣ የባሪያ ንግድም ስለሚቆምበት መንገድ ይመስላል። የተከፈተው በር ግን ከእርሳቸው በኋላ ለማን እንደ ዋለ ዓድዋ መስክሯል።

በ1878 በልቼ በተደረገው ስምምነት መሠረት ምኒልክ የውጭ ሚስዮናውያንን እንዲያስወጡ አፄ ዮሐንስ አዘዙ። የሰባ ዓመቱ አዛውንት ወደ ደብረ ታቦር ተጠርተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከቀረቡ በኋላ በ1879 መጸው በመተማ በኩል ከአገር ወጡ። በሽታና ድካም ስላጠናባቸው በ1880 ኃላፊነታቸውን አስረከቡ።

በዚህ ጊዜ ነው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ ያዩትን እንዲጽፉ ያዘዟቸው። ማስታወሻዎቻቸው በየስደቱ ተበትነው ጠፍተው ስለ ነበር አብዛኛውን ከትዝታ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በሮምና በፍራስካቲ ገዳም ተቀምጠው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያነጋገሯቸውን ሰዎች፣ የተሻገሯቸውን ወንዞች፣ የገበያውን ሥርዓት፣ የጋብቻውን ሕግ፣ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የነገሥታቱን ጠባይ ሁሉ አንድ በአንድ አስፈሩ። በኅዳር 1884 ካርዲናል ተብለው ተሾሙ፤ ሹመቱ ግን ከጽሕፈት አላስነሣቸውም። በላዕላይ ኢትዮጵያ በሚስዮን ያሳለፏቸውን ሠላሳ አምስት ዓመታት የሚተርከው መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጽ በ1885 ታተመ፤ የመጨረሻው አሥራ ሁለተኛው ቅጽ የወጣው በ1895 ነው። ደራሲው ይህን አላዩም፤ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ ኣ ክሬማኖ በሰማንያ ዓመታቸው አርፈዋል። ዐፅማቸው በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ እንዴት እናንብበው? የእናርያ፣ የጌራ፣ የካፋ ነገሥታት አገር ከመጠቅለሉ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እርሱ መሄዱ አይቀርም። ያን ያህል ዘመን በአንድ አገር ተቀምጦ፣ ከሕዝቡ ጋር በልቶና ታሞ፣ ቋንቋውን ተናግሮ የጻፈ የውጭ ሰው በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። ሆኖም መጽሐፉ ስለ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና ስለ ሙስሊሞች የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ጨካኝ ነው፤ የዘመኑ ጠብና የደረሰባቸው ስደት በብዕራቸው ላይ ይታያል። ከ1962 እስከ 1965 የተደረገው የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ከሙስሊሞች ጋር በአክብሮት እንድንነጋገር ካስተማረን በኋላ፣ ያንን ፍርድ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድርጎ የሚደግም መምህረ ትምህርተ ክርስቶስ ይሳሳታል። ምስክርነቱን ወስዶ ፍርዱን መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህ የከፋው ግን በመጽሐፉና በስማቸው ላይ የተሠራው ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወርራ በያዘችበት ጊዜ አቡነ ማስያስን የወረራው ነቢይ አድርጋ ለማቅረብ ሞከረች። በ1939 ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለው የሲኒማ ሰው በእርሳቸው ሕይወት ላይ የሠራው ፊልም በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ከሞቱ አምሳ ዓመት ሆኗቸዋልና ሊቃወሙ አልቻሉም። የቶሪኖ ሕሙማን ካህን፣ የጉዱሩ የፈንጣጣ አባት፣ በነጋዴ ልብስ ተሸሽገው የገቡት መነኩሴ በመርዝ ጋዝ አገር ለያዘ ሠራዊት ጌጥ ሆኑ። ለዚህ መጽሐፋቸው ራሱ መግቢያ ቀዳዳ አልተወም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። አውሮፓ ታሠለጥናለች የሚለው የዘመኑ እምነት በገጾቹ ውስጥ አለና። እኔ በበኩሌ የማየው ግን ሁለቱ አብረው መኖራቸውን ነው፤ ያንን እምነት የያዘው እጅ የሰቃን ገበያ ያለ ርኅራኄ ያላለፈ፣ የአባ ባጊቦን ቸርነት ያልካደ እጅ ነው።

በዘመኑ የታተሙት አሥራ ሁለቱ ቅጾች ጸሐፊያቸው የነበሩ ካፑቺን ቋንቋውን አቃንተው ያዘጋጇቸው ናቸው። አቡነ ማስያስ በእጃቸው የጻፉት ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ቆይቶ በአባ አንቶኒኖ ሮሶ አዘጋጅነት በ1984 በስድስት ቅጽ ታተመ፤ ደብዳቤዎቻቸውም ከዚያ በፊት በ1978 በአምስት ቅጽ ወጥተዋል። ሁለቱን እያስተያየ ያነበበ ሰው ብዕሩ ሳይለሰልስ የቀረበትን ሽማግሌ በተሻለ ያገኘዋል። በአገራችን በኩል የቀድሞው ሰፊ ቪካሪያት ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በ1994 የጂማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ ተቋቋመ፤ በ2009 ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያትነት ከፍ ብሏል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በታኅሣሥ ወር 2016 የአቡነ ማስያስን የጽድቅ ሕይወት የሚመሰክረውን ውሳኔ አጽድቀዋል፤ የብፅዕና ጉዳያቸውም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። በፍራስካቲ ከመቃብራቸው አጠገብ ካፑቺኖች የሚጠብቁት አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር አለ፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ዕቃዎችና የአቡነ ማስያስ መታሰቢያዎች በዚያ ተቀምጠዋል።